አገር አቀፍ የስኳር በሽታ ስትራቴጂን ማስተባበር፦ ከሚኒስቴሩ እስከ ጤና ጣቢያው

አገር አቀፍ የጤና ስትራቴጂ በአንድ መሥሪያ ቤት ይጻፋል፤ የሚፈጸመው ግን በብዙዎች ነው። በኢትዮጵያ የስኳር በሽታ ሕክምና ለታካሚው የሚደርሰው ጤና ሚኒስቴር መመሪያ ሲያወጣ፣ የክልል ጤና ቢሮ ባለሙያ ሲያሠለጥን፣ የወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ፣ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት ኢንሱሊን ገዝቶ ሲያከፋፍል፣ የጤና መድንም ወጪውን ሲሸፍን ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲዘገይ የሌሎቹ ድካም ፍሬ ያጣል፤ የሠለጠነች ነርስ የደም ስኳር መለኪያ ከሌላት፣ መለኪያውም የደም ጠብታ የሚያርፍበት ስትሪፕ ከሌለው ታካሚው ሳይመረመር ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ በሚኒስቴር ወይም በክልል ደረጃ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን የማስተባበር ኃላፊነት ለተሰጣቸው ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። የሚከተለው ሁሉ የሚያርፈውም በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ የአስተባባሪ ዋና ሥራ እያንዳንዱ አስፈላጊ ውሳኔ ፈጻሚ አካልና የጊዜ ገደብ እንዲኖረው ማድረግ ሲሆን፣ ገደቡም አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ከመግባቱ አስቀድሞ መሆን ይኖርበታል።

ከአንድ ታካሚ ወር መነሣት

ስትራቴጂ ሲዘጋጅ የተለመደው አካሄድ ከራእይና ከዓላማዎች ጀምሮ ወደ ተግባር መውረድ ነው። ለሰነዱ ይህ አካሄድ ይመች ይሆናል፤ የማስተባበሩ ሥራ ግን ከታች እንዲጀመር አጥብቄ እመክራለሁ። በገጠር ወረዳ የሚኖር፣ ጠዋትና ማታ በድምሩ 36 ዩኒት ኢንሱሊን የሚወስድ ወጣት ገበሬን እናስብ። አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን 1000 ዩኒት ይይዛል። ይህ ወጣት በ30 ቀን 1080 ዩኒት ስለሚያስፈልገው፣ ጤና ጣቢያው በወር አንድ ብልቃጥ ብቻ የሚሰጠው ከሆነ ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው መድኃኒቱ ያልቅበታል። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ላለበት፣ ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን ለማያመነጭ ሰው ደግሞ ኢንሱሊን መቋረጥ በቀናት ውስጥ ራስን ወደ መሳትና ወደ ሞት ሊያደርስ ይችላል።

ኢንሱሊኑ ብቻውን በቂ አይደለም። ወጣቱ መወጊያ ሲሪንጅ ያስፈልገዋል፤ ሲሪንጁም በብልቃጡ ላይ ከተጻፈው መጠን ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ኢንሱሊን በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ለያዘ ኢንሱሊን በተሠራ ሲሪንጅ ተቀድቶ ቢወጋ፣ ሰውየው የታዘዘለትን ሁለት እጥፍ ተኩል ይወስዳል ማለት ነው። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት ጤና ጣቢያው የሚሠራ ማቀዝቀዣና መብራት ሲጠፋ የሚተካው ኃይል ያሻዋል። ቤቱ ማቀዝቀዣ ለሌለው ታካሚም መድኃኒቱን በሸክላ ማሰሮና በእርጥብ አሸዋ አቀዝቅዞ እንዴት እንደሚያቆይ የሚያስተምረው ሰው መኖር አለበት። ደሙን የሚለካበት ስትሪፕ፣ ቀጠሮውን የምትመዘግብ ነርስ፣ ስኳሩ ከልክ በላይ ሲወርድ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚያውቁ ቤተሰቦችም የዚሁ ወር አካል ናቸው።

አስተባባሪው እነዚህን ነገሮች በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ላይ አስፍሮ ከእያንዳንዳቸው ጎን ማን እንደሚወስን፣ ወጪው ከየትኛው ገንዘብ እንደሚሸፈንና ውሳኔው እስከ መቼ መተላለፍ እንዳለበት ይጻፍ። ሰንጠረዡ ሲሞላ አንዳንዱ ረድፍ ሁለት ፈጻሚ አካላት እንዳሉት፣ ሌላው ደግሞ አንድም እንደሌለው ይታያል። ብዙውን ጊዜ ባዶ የሚሆነው የስትሪፕና የሲሪንጅ ረድፍ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስለ መድኃኒቱ ሲያስብ እነዚህን እንደ ተቀጥላ ይቆጥራቸዋል። የብሔራዊ ስትራቴጂው የመጀመሪያ ስብሰባ አጀንዳ እነዚያ ባዶ ረድፎች ቢሆኑ ለታካሚው ከማንኛውም የመክፈቻ ንግግር ይበልጥ ይጠቅሙታል።

ሥልጣኑና ገንዘቡ የት እንዳሉ

ኢትዮጵያ 12 ክልሎችና 2 የከተማ አስተዳደሮች ያሏት ፌዴራላዊ አገር ናት። ጤና ሚኒስቴር ደረጃ ያወጣል፣ ይደግፋል፣ ይከታተላል፤ የክልል ጤና ቢሮን ግን እንደ ራሱ መምሪያ አያዝም። ለክልሎች የሚሰጠው የድጎማ በጀት በጥቅል የሚላክ በመሆኑ ስንት ብር ለጤና፣ ከዚያም ውስጥ ስንት ለጤና ጣቢያ ሥራ ማስኬጃ እንደሚውል የሚወሰነው በክልልና በወረዳ ምክር ቤቶች ነው። ይህን ያላገናዘበ ስትራቴጂ በአዲስ አበባ አዳራሽ ጸድቆ ወረዳ ሳይደርስ ይቀራል።

የጤናው ዘርፍ ለዚህ ችግር ያበጀው መላ አስቀድሞ አለ፤ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚለው መርሕ። የስኳር በሽታ አስተባባሪ ለብቻው የቆመ ዕቅድና ለብቻው የሚሞላ የሪፖርት ቅጽ ከመፍጠር ተቆጥቦ፣ የሚፈልጋቸውን ጥቂት ተግባራት በወረዳው መደበኛ ዕቅድ ውስጥ ቢያስገባ ይሻለዋል። ለዚህም ከጥር ወር ጀምሮ ለክልሎች አጭር ሰነድ መላክ አለበት፦ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የሚያስፈልገው የታካሚ ግምት፣ የመድኃኒትና የስትሪፕ ብዛት፣ የሚሠለጥኑ ነርሶች ቁጥር። በሰኔ የሚላክ ደብዳቤ በጀቱ ከተደለደለ በኋላ ስለሚደርስ ለዚያ ዓመት ጥቅም የለውም።

የአስተባባሪ ኮሚቴው አባላት ሲመረጡ የሙያ ክብርን ብቻ ማየት አይበቃም። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቶችና የኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበር መኖራቸው ግድ ነው፤ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተ በመሆኑ የታካሚዎችን ኑሮ ከብዙ የመንግሥት መዋቅሮች በፊት ያውቃል። ከእነርሱ ጋር ግን የመግዛት ሥልጣን ያለው የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት ተወካይ፣ የጤና መድን አገልግሎት ተወካይ፣ ከገንዘብ ሚኒስቴር የጤናውን በጀት የሚከታተለው ባለሙያ፣ ቢያንስ ሁለት የክልል ቢሮ ኃላፊዎችና ኢንሱሊን እየወሰደ የሚኖር ሰው ሊኖሩ ይገባል። የሚወከሉት ባለሙያዎች በስብሰባው ላይ ለመወሰን የሚችሉ ይሁኑ፤ «ለአለቃዬ አቀርባለሁ» የሚል ተወካይ የተገኘበት ስብሰባ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ ማለት ነው። በቃለ ጉባኤው ውስጥም ፈጻሚ አካልና ቀን ያልተጻፈለት ነጥብ እንደ ውሳኔ አይቆጠር።

ግብ ማስቀመጥ

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ለ2030 አምስት ግቦችን አጽድቋል። የስኳር በሽታ ካለባቸው ሰዎች 80 በመቶው በምርመራ እንዲታወቁ፣ ከታወቁት 80 በመቶው የደም ስኳራቸው፣ 80 በመቶው ደግሞ የደም ግፊታቸው ቁጥጥር ሥር እንዲሆን፣ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት 60 በመቶው ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት እንዲያገኙ፣ አንደኛው ዓይነት ካለባቸው ሁሉም አቅማቸው የሚፈቅደውን ኢንሱሊንና ራሳቸውን የሚለኩበትን መሣሪያ እንዲያገኙ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ግቦች ቢሳኩ እንኳን የስኳር በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች ስኳራቸው የተስተካከለው 64 ብቻ ናቸው።

እነዚህን ግቦች እንዳሉ መገልበጥ ቀላል ነው፤ ጠንካራው ሥራ መነሻውን ማወቅ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ሰዎች 5.9 በመቶው ከፍ ያለ የደም ስኳር እንዳለባቸው ወይም መድኃኒት እንደሚወስዱ አሳይቷል። ይህ አሃዝ የአገሪቱን አማካይ ይነግረናል እንጂ አንድ ወረዳ ስንት ብልቃጥ እንደሚያስፈልገው አይነግረንም። ስለዚህ የአገር አቀፉን ጥናት ለፖሊሲ፣ የጤና ጣቢያውን መዝገብ ለግዥ መጠቀም ተገቢ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ወይ የሚበላሽ ክምችት፣ ወይ የባዶ መደርደሪያ መንሥኤ ይሆናል።

ስለ ቅድመ ምርመራ ዘመቻ አንድ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። የዓለም የስኳር በሽታ ቀን በሚከበርበት ኖቬምበር 14፣ ኅዳር 5 ገደማ፣ በአደባባይ ብዙ ሰው ይለካል፤ ከፍ ያለ ውጤት የታየበት ሰው ግን የት ሄዶ እንደሚረጋገጥለት ካልተነገረውና የሚሄድበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ከሌለው፣ የተሰጠው ፍርሃት ብቻ ነው። በጾም ሆድ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት፣ ግልጽ ምልክት ለሌለው ሰው፣ በሌላ ቀን ተደግሞ ሊረጋገጥ ይገባል። እኔ ብወስን ቅድሚያ የምሰጠው አስቀድሞ ወደ ጤና ተቋም ለመጡት ነው፦ ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ለደም ግፊት ታካሚዎች፣ ለቲቢ ታካሚዎች። የስኳር በሽታ ለቲቢ የመጋለጥን ዕድል ስለሚጨምር ሁለቱን ክፍሎች በአንድ የማላላኪያ ቅጽ ማገናኘት ትንሽ ወጪ የሚጠይቅ፣ ብዙ የሚያስገኝ ሥራ ነው።

መድኃኒትና መለኪያ

ማስተባበር በእርግጥ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የወባ መድኃኒቶች በፕሮግራም ተገዝተው በነፃ ሲሰጡ፣ የስኳር በሽታ መድኃኒት በአብዛኛው የሚገዛው ጤና ተቋማት በሚያንቀሳቅሱት ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ፣ ማለትም ከመድኃኒት ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ መልሶ በመግዛት ነው። ይህም ማለት የአንድ ጤና ጣቢያ የገንዘብ አቅም ሲዳከም ኢንሱሊን አብሮ ይጠፋል ማለት ነው።

የፍላጎት ትንበያው በዩኒት ብቻ ከተሠራ ያሳስታል። የተከፈተ ብልቃጥ በ4 ሳምንት ገደማ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ በቀን 20 ዩኒት የምትወስድ እናት በ28 ቀን 560 ዩኒት ተጠቅማ የቀረውን 440 ዩኒት ትጥላለች፤ ከላይ የጠቀስነው ወጣት ደግሞ ሁለተኛ ብልቃጥ ይከፍታል። ሁለቱ በድምር የሚጠቀሙት በዩኒት ሲሰላ ከሁለት ብልቃጥ ያነሰ ነው፤ በተግባር ግን ሦስት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ትንበያው ከታካሚዎች ቁጥርና በነፍስ ወከፍ ከሚሰጠው ብልቃጥ መነሣት አለበት። ባለፈው ዓመት የወጣውን መጠን መነሻ ማድረግ የባሰ ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱ ለሦስት ወር ጠፍቶ ከነበረ ፍጆታው ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ትንበያውም እጥረቱን ለሚቀጥለው ዓመት ያወርሰዋል። የጤና ተቋማት በየሁለት ወሩ በሚልኩት የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ላይ መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናት በትክክል መሞላታቸውን መከታተል የአስተባባሪው ሥራ ነው።

የስኳር መለኪያ መሣሪያን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ስሪት የራሱን ስትሪፕ ብቻ ይቀበላል። በእርዳታ የመጡ ሦስት ዓይነት መለኪያዎች ያሉት ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው ካርቶን ስትሪፕ ሲያልቅ ሦስቱንም በመሳቢያ ቆልፎ ታካሚውን ወደ ግል ላቦራቶሪ ይልካል። ስለዚህ ክልሉ፣ ቢቻል አገሪቱ፣ አንድ ወይም ሁለት ስሪት መርጣ፣ የግዥ ውሉም በመሣሪያው ዋጋ ሳይሆን ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት በሚያስፈልገው ስትሪፕ ዋጋ ተወዳድሮ ሊፈረም ይገባል። ለጋሾችም የተመረጠውን ስሪት ካልሆነ በቀር ሌላ እንዳያመጡ በጽሑፍ ይነገራቸው። ይህን ለማለት አንዳንድ አስተባባሪዎች ይሉኝታ ይይዛቸዋል፤ ሆኖም ስትሪፕ የሌለው መለኪያ ተቀብሎ ማመስገን ታካሚውን አይጠቅመውም።

ኢንሱሊን ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የምንዛሪ ለውጥ በቀጥታ ይነካዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተያዘ የግዥ ዕቅድ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያንስ ሁሉም አይቷል። ዕቅዱ በብልቃጥና በካርቶን ብዛት ተጽፎ፣ የብር ተመኑ በየሩብ ዓመቱ ቢከለስ ጉድለቱ ቀድሞ ይታወቃል።

ባለሙያና መዝገብ

ሕክምናውን ወደ ታካሚው ማቅረብ እንደሚቻል አገራችን ራሷ አሳይታለች። በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ዙሪያ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የመሳሰሉ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዶ በሠለጠኑ ነርሶች እንዲመራ ተደርጓል። ከዚሁ የጎንደር አካባቢ ተሞክሮ የተገኘ ሌላም ትምህርት አለ፤ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ታካሚዎች ብዙዎቹ ወጣት፣ ቀጭንና በድህነት ያደጉ ወንዶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በምደባው ውስጥ አካትቶት በኋላ ያስወጣውን፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 አምስተኛው ዓይነት በሚል ዕውቅና ሰጥቶታል። ስለዚህ የኢትዮጵያ የሥልጠና ጽሑፍ የስኳር በሽታን የወፍራምና የከተሜ ሰው ሕመም አድርጎ ብቻ ማቅረብ የለበትም። የከሳ ወጣት ውሃ ውሃ እያለ ሲመጣ ቲቢ ብቻ ተጠርጥሮ እንዳይመለስ ነርሷ አንድ ጠብታ ደም መለካት አለባት።

እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሥራ ስለበዛባቸው አዲስ ኃላፊነት ሲጨመርላቸው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቀጠሮ ያለፈውን ታካሚ ቤቱ ሄዶ መጠየቅና እግሩ ላይ ቁስል መኖሩን ማየት ለእነርሱ የሚመጥን፣ ሕይወትም የሚያድን ድርሻ ነው።

መረጃን በሚመለከት፣ በየወሩ የአዳዲስ ታካሚዎችን ቁጥር ብቻ መደመር የሕክምናውን ውጤት አያሳይም። ከኤች አይ ቪ ክሊኒኮች መወሰድ ያለበት ልምድ በአንድ ጊዜ የጀመሩ ታካሚዎችን እንደ አንድ ቡድን መከታተል ነው፦ ከስድስት ወር በፊት ከተመዘገቡት ውስጥ ስንቱ ዛሬም ይመጣሉ፣ ስንቱ ቀርተዋል፣ ስንቱ ስኳራቸው ተስተካክሏል። የዓለም ጤና ድርጅት የቁጥጥር መለኪያ ኤችቢኤ1ሲ በተባለው ምርመራ የሚታየው የሦስት ወር አማካይ ስኳር ከ8 በመቶ በታች፣ የደም ግፊትም ከ140/90 በታች መሆን ነው። የሦስት ወሩ ምርመራ በሌለበት ጤና ጣቢያ የጾም ስኳር ይመዝገብ፤ ሁለቱ ግን በሪፖርቱ ላይ ተለይተው ይቀመጡ። ሦስት አመልካቾች ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ውስጥ ገብተው በታማኝነት ቢሞሉ ከሃያ ያልተሟሉ አመልካቾች ይበልጣሉ።

ጾም፣ ጠበልና የሃይማኖት አባቶች

በውጭ መመሪያዎች በአንድ አንቀጽ የሚታለፈው ይህ ጉዳይ በእኛ አገር ለስትራቴጂው ሰፊ ቦታ ይገባዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የፍልሰታ፣ የነቢያት፣ የረቡዕና የዓርብ ጾሞች ይከተላሉ፤ ሙስሊም ታካሚዎችም ረመዳንን ይጾማሉ። ሁለቱም እምነቶች ለሕመምተኛ ፈቃድ እንደሚሰጡ ቢታወቅም ታካሚው ፈቃዱን ከነርሷ አፍ መስማት አይበቃውም፤ ከንስሐ አባቱ ወይም ከኢማሙ ሊሰማው ይሻል። ባዶ ሆዱን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየቆየ የጠዋት ኢንሱሊኑን እንደ ወትሮው የሚወጋ ሰው ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ይህን ፈርቶ ኢንሱሊኑን የሚተወው ደግሞ በሌላኛው ወገን ይጎዳል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትልቅ ጾም ሁለት ወር በፊት ከቤተ ክህነትና ከእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ጋር የተዘጋጀ አጭር የጋራ መልእክት ይሰራጭ፤ ጤና ጣቢያዎችም ለመጾም የወሰኑትን ታካሚዎች ቀድመው ጠርተው የመድኃኒት መጠንና ሰዓት ያስተካክሉላቸው። ስለ ጠበልም መልካም ምሳሌ አለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ለብዙዎች የኅሊና ዕረፍት ሰጥቷል። ለኢንሱሊንም ተመሳሳይ ቃል ከሃይማኖት አባቶች ቢገኝ ዋጋው ከማንኛውም ፖስተር ይልቃል፤ ሲጠየቅ ግን በአክብሮትና በቂ ጊዜ ተሰጥቶ እንጂ ለዘመቻ ማድመቂያ መሆን የለበትም።

መድን፣ ቀረጥና የአደጋ ጊዜ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ታካሚ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ሲጠፋ ከግል ፋርማሲ በራሱ ገንዘብ ይገዛል። አስተባባሪው ከመድን አገልግሎቱ ጋር ሊደራደርበት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው፦ በአቅራቢያ ካለ የመንግሥት ወይም የቀይ መስቀል ፋርማሲ ጋር ውል ተገብቶ ታካሚው ካርዱን አሳይቶ የሚወስድበት መንገድ እንዲኖር። ገንዘቡን ከፍሎ በኋላ እንዲመለስለት ማድረግ በእጁ ጥሬ ገንዘብ ለሌለው ሰው መፍትሔ አይሆንም።

በመከላከል በኩል ከጤናው ዘርፍ ውጭ ያሉ ሕጎች ብዙ ይሠራሉ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በለስላሳ መጠጦች ላይ ታክስ ጥሏል፤ አስተባባሪው ተመኑ ሲከለስ የጤናው ዘርፍ አስተያየት ቀድሞ እንዲቀርብ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ግንኙነቱን መጠበቅ አለበት።

በመጨረሻ የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜም የሚዘለለው፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት መንገድ ሲዘጋ በመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ጭምር የኢንሱሊን እጥረት በደረሰ ጊዜ ሐኪሞች ታካሚዎቻቸውን የሚረዱበት አጥተው ነበር። እያንዳንዱ ክልል ኢንሱሊን የሚወስዱ ታካሚዎቹን ዝርዝር በኮምፒዩተርም በወረቀትም ይያዝ፤ ለአደጋ ጊዜ በሚላክ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ኢንሱሊን፣ ሲሪንጅና ስትሪፕ በስም ይካተቱ፤ በቅርንጫፍ መጋዘኖች የሚቀመጠው የመጠባበቂያ ክምችትም የአገልግሎት ጊዜው ሳያበቃ በየተራ ወደ መደበኛ አገልግሎት እየወጣ በአዲስ ይተካ። ተፈናቃይ ታካሚ በደረሰበት ወረዳ ያለ ማላላኪያ ወረቀትና ያለ መታወቂያ ኢንሱሊን እንዲሰጠው የሚፈቅድ አንድ ገጽ መመሪያ በሰላሙ ጊዜ ተፈርሞ ለሁሉም ጤና ጣቢያዎች መድረስ አለበት።